የጦይባ ገጽ

ባለፈው ሳምንት፣ ለእህቷ ሠርግ ፈቃድ የወሰደች አንዲት ባልደረባዬ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ደሴ ባለው ቢሯችን አብረን ስንሠራ ዓመታት አልፈዋል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይመር፣ የይለፍ ቃሌን ልንገርህ። እስክመለስ የገበያውን ዘገባ በስሜ ገብተህ ታወጣልኛለህ» አለችኝ።

«አትንገሪኝ» አልኳት።

የምቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ሐሳቤ ሐይቅ ከተማ ደርሶ፣ አንድ የጥቅምት ዓርብ ላይ ቆሞ ነበር።

ያን ጊዜ ጋዜጠኛ አልነበርኩም። ከቴክኒክ ኮሌጅ ወጥቼ ሐይቅ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የመረጃ ማዕከል በኮምፒውተር ሙያ ተቀጥሬ ነበር። ቢሯችን ወደ ወልዲያ በሚያልፈው አስፋልት ዳር ካለ ፎቅ ላይ ነበር፤ ከፎቁ ሥር ዓሣ ቤት አለ። ከረፋዱ ጀምሮ ዘይቱ ሲንቸሰቸስ ይሰማናል። ምሳ ሰዓት ላይ ከሐይቁ ጠዋት የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ ሚጥሚጣው በዳር ተነስንሶ ይቀርባል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ከተማ ዓሣ በልቻለሁ፤ ያን የመሰለ አላገኘሁም። ይህን ስል ናፍቆት እንዳያዛባኝ ተጠንቅቄ ነው።

የማዕከሉ ሥራ ቀላል ነበር። አንድ ሰርቨር ላይ ድረ ገጽ አለን፤ የእህል ዋጋ፣ የእርሻ ምክርና ማስታወቂያ ይወጣበታል። በየቀበሌው ያሉ ሠራተኞቻችን ገጹን እየከፈቱ ለሕዝቡ በድምፅ ማጉያ ያነቡታል። በዚያ ወራት የሞባይል መስመር ተራራው ሥር ሲደርስ ይጠፋል፤ የእኛ መስመር ግን ከኮረብታ ኮረብታ በተተከለ አንቴና ስለሚሄድ እስከ አምባሰል ይደርሳል። ከገጾቹ ሁሉ በጉጉት የሚጠበቀው የማስታወቂያው ገጽ ነበር። የጠፋ በሬ፣ የተገኘ ሻንጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሞት ማስታወቂያ የሚወጣው በእሱ ላይ ነው።

ይህን ገጽ የያዘችው ጦይባ ነበረች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትጽፍ ከንፈሯን የምትነክስ ልጅ ናት። አጠገቧ የእህል ዋጋውን የምትይዘው ዘውዲቱ ትቀመጣለች። ሁለቱ ሥራቸውን የሚሠሩት ተደጋግፈው ነው። ጦይባ ለጁምዓ ወይም ለአረፋ ስትሄድ ዘውዲቱ ትሸፍናለች፤ ለጥምቀት ወይም ለፋሲካ ዘውዲቱ ስትሄድ ጦይባ ትቀመጣለች። ማንም አዝዟቸው አይደለም፤ በእኛ አገር መሥሪያ ቤት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚውለው። እያንዳንዱ ገጽ የየራሱ የይለፍ ቃል ነበረው፤ ያንንም ቃል ቢሮው በሙሉ ያውቀዋል።

ክረምቱ ሲወጣ ግን አንድ ነገር ደረሰ። በሕይወት ያለ ሰው ሞቷል ተብሎ በገጹ ወጣ። የሞተው በስም የሚመሳሰለው የሌላ ቀበሌ ሰው ነበር። ለቀስተኛው ተሰብስቦ ወደ ቤቱ ሲመጣ፣ ሰውዬው ከማሽላ ማሳው ወጥቶ፣ «ማን ሞቶ ነው?» እያለ አብሮ ሊያለቅስ ተሰልፏል አሉ። በኋላ ሁሉም ሳቀበት፤ ሚስቱ ግን መርዶውን ገበያ ላይ ሰምታ ወድቃ ነበር። ማስታወቂያው የወጣው በጦይባ ስም ነው። ጦይባ በዚያ ቀን እናቷ ዘንድ ነበረች። ቃሉን ሁሉም ስለሚያውቀው ማን እንደጻፈው ሊለይ አልቻለም። ኃላፊያችን ጋሽ ሙሄ ጦይባን ጠርተው፣ «በስምሽ የወጣ ያንቺ ነው። ሌላ ቢደገም ሥራውን ትለቂያለሽ» አሏት። ታናናሾቿን የምታስተምረው በዚያ ሥራ ነበር።

እኔን ደግሞ፣ «እያንዳንዱ በገዛ ስሙ እንዲገባ አድርግ። አንድ ገጽ፣ አንድ ሰው» ብለው አዘዙኝ።

ሥራውን አውቀው ነበርና አልተጨነቅሁም። ከሰርቨሩ ጎን ሌላ ማሽን አቆምኩና የሠራተኛውን ሁሉ ስም በእሱ ላይ ሰበሰብኩ። ከዚያ በኋላ ድረ ገጹ ራሱ ማንንም አያውቅም፤ አንድ ሰው ልግባ ሲለው ያንን ማሽን ይጠይቃል፤ ማሽኑ አዎ ካለ ያስገባዋል። አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ከአንድ ቦታ ስሙን መሰረዝ ብቻ ነው። የይለፍ ቃሉም በመንገድ ላይ እንዳይነበብ ተመስጥሮ ይሄዳል። በተጨማሪ ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ቡድን ሠራሁ፤ በቡድኑ ውስጥ ያለ ሰው ገጹ ላይ ይጽፋል። በጋሽ ሙሄ ትእዛዝ መሠረት በየቡድኑ ያስገባሁት አንድ አንድ ሰው ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ገባ፤ ዘውዲቱ ብቻ ተከለከለች። ቃሏ ትክክል ነው፤ ስሟም ትክክል ነው። አሠራሩ የማሽኖቹ ሰዓት እንዲስማማ ይፈልጋልና ኮምፒውተሯን ባየው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል።

«ዘውዴ፣ ይህን ሰዓት ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ ያረምኩት» አለች ኮራ ብላ። «ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሰባት እያለ ሲያሳስተኝ ነበር።»

ጦይባ ሳቋ አላስቀምጥ አላት። «ማሽኑን አማርኛ አስተማርሽው በይኛ!»

በማግስቱ ዘውዲቱ ፊት ለፊት የግድግዳ ሰዓት ሰቀልኩላት፤ የኮምፒውተሩንም ወደ ነበረበት መለስኩት።

ከዚያ ያ ዓርብ መጣ። ማለዳ ሐይቁን የሸፈነው ጉም ተገፎ፣ ፀሐዩ ደምቆ፣ መንገዱ ዳር እሸት በቆሎ ይጠበሳል። ጦይባ ለጁምዓ ወጣች፤ የምትሰግደው በአርዲቦ ሐይቅ በኩል፣ በእናቷ መንደር ነው። እሷ ከሄደች በኋላ አንድ ሰው አቧራ እንደለበሰ ደረጃውን ወጣ። ሑሴን እባላለሁ አለ፤ ከአምባሰል በሚኒባስ ነው የመጣው። አማቱ ጎህ ሲቀድ አርፈዋል፤ የሚቀበሩት ከቀትር በኋላ፣ አስር ሶላት ከተሰገደ ነው። ዘመዶቻቸው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በአርዲቦ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ተበትነዋል።

«በእግሬ ሁሉንም አልደርስባቸውም» አለ። «አንዷ ልጃቸው፣ የሚስቴ እህት፣ እንኳ አልሰማችም። ሳታያቸው አፈር ሊገቡ ነው።»

ዘውዲቱ የማስታወቂያውን ገጽ ከፈተች። ማሽኑ ከለከላት። ዞራ አየችኝ።

ጋሽ ሙሄ ከክፍላቸው ወጡ። «ምንድን ነው ችግሩ? ይመር፣ ቁልፉ ያንተ አይደል? በጦይባ ስም ግባና ጻፍለት።»

«አልገባም ጋሽ ሙሄ።»

«አልገባም?»

«ያ ሰው በቁሙ የሞተው እንደዚህ ነው። እሷ በሌለችበት ስሟ ሥራ ላይ ዋለ። አሁን ብሳሳት የምትለቀው እሷ ናት።»

«እና ሰውየው ይመለስ?»

«አይመለስም። ዘውዲቱን በማስታወቂያው ቡድን ላስገባት። በራሷ ስም ትጽፋለች።»

«አንድ ገጽ አንድ ሰው ብያለሁ።»

«አንቱ ያሉት ነው እንግዲህ ሥራውን ያቆመው» አለች ዘውዲቱ ዓይኗን ከማሽኑ ሳትነቅል። «ዓርብ ዓርብ ይህ ገጽ የኔ እንደሆነ ከተማው ያውቃል። የማያውቀው ይኼ ሣጥን ብቻ ነው።»

ሑሴን ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ከአንዳችን ወደ ሌላችን ያያል። ጋሽ ሙሄ፣ «ስህተት ቢወጣ ማንን እጠይቃለሁ?» አሉ።

«የጻፈውን» አልኳቸው።

«እኔን» አለች ዘውዲቱ።

በእጃቸው ቀጥል የሚል ምልክት ሰጡኝ። ስሟን ማስገባት ጊዜ አልወሰደም፤ ቦታው የተዘጋጀ ነበር። ከእኔ ይልቅ የቆየችው ዘውዲቱ ናት። የሟቹን ስም ከነአባታቸው፣ ከነአያታቸው ጠየቀች። ቀበሌውን ጠየቀች፤ በቀበሌው ሌላ እንዲህ የሚባል ሰው መኖር አለመኖሩን ጠየቀች። ሑሴን ትዕግሥቱ ሊያልቅ ሲል፣ «አብሽር ወንድሜ፣ በሕይወት ያለ ሰው እንዳንቀብር ነው» አለችው። የዘገባ ሥራ ምን እንደሆነ መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ወንበር ላይ ሳይሆን አይቀርም።

በሚቀጥለው ሰኞ አንድ የሟቹ ዘመድ ተቆጥቶ መጣ። ልጅቱ ደርሳ አባቷን ሸኝታለች፤ እሱ ግን ከአስር ሶላት በኋላ ተብሎ ሲመጣ ቀብሩ አልቆ ጠበቀው። ጋሽ ሙሄ ከልማድ የተነሳ መጀመሪያ የጠሩት ጦይባን ነው። መጥታ ፊታቸው ቆመች። ወዲያው ግን ወደ ማሽናቸው ዞረው የጻፈውን ስም ተመለከቱና ቀና አሉ።

«ዘውዲቱ።»

«አቤት። ቤተሰቡ ከአስር ሶላት በኋላ አለኝ፣ እንዳለኝ ጻፍኩ። ጀናዛውን ያፋጠኑት እነሱ ናቸው። ሑሴንን ይጠይቁት።»

ሰውዬው ሑሴን የሚለውን ስም ሲሰማ፣ «ያ አማች ነው እንዲህ ያለው? በሉ ከእሱ ጋር እንጨርሳለን» ብሎ ወጣ። ጦይባ አሁንም እንደቆመች ነበር። ጋሽ ሙሄ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሏት። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «በጥምቀትና በፋሲካ ደግሞ የዘውዲቱን ገጽ የምትይዘው ይህች አይደለች? እሷንም በዚያኛው ቡድን አስገባት እንጂ። ምን ትጠብቃለህ?»

ጦይባ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ምሳ ሰዓት ላይ ቆሮሶውን ለሦስታችን አዘዘችና አጥንቱን እየለየች ለዘውዲቱ ትሰጣት ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሠራሁባቸው ቢሮዎች ሁሉ የይለፍ ቃል በጆሮ ሲተላለፍ አይቻለሁ። የሚሰጡት ክፉ ሰዎች አይደሉም። መተማመናቸው ደስ ይለኛል፤ እኔ የማልወደው መተማመኑ በሌላ ሰው ስም ተሸፍኖ መሄዱን ነው። ማን እንደጻፈው በግልጽ ተጽፎ መተማመን ይቻላል፤ ሐይቅ ከተማ አይቼዋለሁ።

ባልደረባዬ አሁንም ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ነበር። ተነሳሁና እስከ ቴክኒክ ክፍል ሸኘኋት። እዚያ ያለውን ልጅ፣ «የገበያው ገጽ ላይ ስሜን ከስሟ ጎን አስገባልን» አልኩት። አስገባልን። እሷ ወደ እህቷ ሠርግ ሄደች፤ እኔም በዚያው ሳምንት የጤፉን ዋጋ በገዛ ስሜ አወጣሁ።