ልጄ ትምህርት ቤት የለመደችበት መንገድ

ሸክላ ሠሪ ነኝ። ልጄ አንደኛ ክፍል በገባች በሦስተኛው ቀን እያለቀሰች ቤት መጣች። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ እናት፣ «የሸክላ ሠሪ ልጅ ዓይኗ ክፉ ነው፤ ልጄን ከእሷ አርቁልኝ» ብላ ኖሯል። መምህሩም ሳይከራከር ልጄን ከኋላ ብቻዋን አስቀመጣት።

«ሁለተኛ አልሄድም» አለችኝ።

ማንም ወደማያውቀን፣ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት አባቷ አዛወራት። የመጀመሪያውን ቀን እኔ ሸኘኋት፤ መንገዱን ሙሉ አስጠናኋት።

«ወላጆችሽ ምን ይሠራሉ ቢሉሽ?»

«ገበሬዎች ናቸው።»

«ሸክላስ የሚሠራው ማነው?»

«እማዬ...»

ክንዷን ቆነጠጥኳት። ደግማ አልተሳሳተችም። ከበሩ ራቅ ብዬ ቆሜ ብቻዋን አስገባኋት።

ለመደች። ጓደኞች አፈራች፤ ማልቀሱንም ተወች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ጣለ። የእጄን ጭቃ እንኳ ሳልታጠብ ጋቢ ይዤላት ሮጥኩ። ከሁለት ልጆች ጋር ክፍሉ ደጃፍ ተጠልላ አገኘኋት። አንደኛዋ እጄን አየችና፣ «ማናት?» ብላ ጠየቀቻት።

ልጄ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «አላውቃትም» አለች።

«እናቷ ልካኝ ነው» ብዬ ጋቢውን ሰጠኋትና ተመለስኩ። ከበረዶው ይልቅ ፊቷ ላይ ፍርሃት አለማየቴ አንዘፈዘፈኝ።

ራት ላይ አንገቷን ደፍታ፣ «ተቀየምሽኝ እንዴ?» አለችኝ።

«አልተቀየምኩም፤ ጎበዝ ነሽ» አልኳት።

አሁን ሁለተኛ ክፍል ናት። በትምህርት ቤቱ ደጅ ዳግም አላለፍኩም።