ባዳቾ የቆረጠው ክር

ባዳቾ ሰው መሃል ሲቀመጥ እጁን የት እንደሚያደርገው የሚጨንቀው ሰው ነው። ጸሎት ቤት ውስጥ "ምስክርነት ያለው ይምጣ" ሲባል አንገቱን ይደፋል። ሚስቱ ፈጠነች ትስቅበታለች።

"ከአምባዛ ጋር ስታወራ ትውላለህ። ከሰው ጋር ሲሆን ምላስህን ማን ወሰደብህ?"

እሱም ይስቃል። እውነቷን ነው። አባያ ሐይቅ ላይ፣ ጀልባው ውስጥ ሲሆን ሌላ ሰው ነው።

በሁምቦ በኩል ባለው ዳርቻ ብዙው ሰው በመረብ ነው የሚያጠምደው። ባዳቾ ግን የሚፈልገው አምባዛ የሚባለውን ጺማም ዓሣ ነው፤ አምባዛ ደግሞ ታች ጭቃው ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ጀልባውን ጎኑን ለነፋስ ሰጥቶ ይለቀዋል። መቅዘፍ የለም። ነፋሱ ራሱ ቀስ እያደረገ ይነዳዋል። እንዳይፈጥንበት አፉ የተከፈተ የማዳበሪያ ጆንያ ውሃ ውስጥ አስሮ ያስጎትተዋል። በጀልባው ጠርዝ ላይ የበሳቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ የቀርከሃ ዘንጎቹን እነሱ ላይ ይሰካቸዋል። ከየዘንጉ ክር ይወርዳል፤ ክሩ ጫፍ ላይ መንጠቆ አለ። ከዚያ በኋላ ሥራው ቁጭ ብሎ የዘንጎቹን ጫፍ ማየት ነው። ጎንበስ ብሎ ዝም ካለ ግንድ ነው። ጎንበስ ብሎ ከተንቀጠቀጠ ዓሣ ነው። ባዳቾ ያጠመደውን ፈጠነች ሶዶ ወስዳ ለምግብ ቤቶች ትሸጣለች። ኑሯቸው ይኸው ነው።

የጋሽ ኤርካሎ ልጅ ዘሩባቤል የሰጠመ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ቆመ።

ዘሩባቤል መረብ ሊያነሳ ወጥቶ ድንገት የተነሳ ነፋስ ጀልባውን ገለበጠበት። ጀልባው ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። የአባያ ውሃ ቀይ ነው፤ እጅህን ብታስገባ ጣትህ አይታይህም። አዞም አለ፤ ማንም ዘሎ አይገባም። ጠላቂ ከሌላ ከተማ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። አስከሬኑ እስኪወጣ ድረስ በዚያ ዳርቻ ዓሣ የሚያጠምድ የለም፤ የሚበላም የለም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። አምባዛ ታች ያገኘውን አይተውም ይባላል። ኤርካሎ ቤት ግን ይህን አፉ ላይ የሚያመጣው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ኤርካሎ ከለቅሶው ድንኳን ወጥተው ባዳቾ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

"ባዳቾ፣ ያንተ መንጠቆ ታች ይደርሳል አይደል?"

"ይደርሳል ጋሼ።"

"እንግዲያው አብረን እንውጣ። ልጄን ልቅበረው።"

ባዳቾ "እርስዎ ይቅሩ፣ እኔ ብቻዬን ልሂድ" ሊል ፈልጎ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን "ጀልባው ጠባብ ነው" የሚል ሆነ።

"እኔስ ሰፊ ነኝ እንዴ?" አሉ ሽማግሌው። እውነትም በእነዚያ ቀናት አጥንት ብቻ ሆነው ነበር።

ፈጠነች ባሏን ወደ ጓዳ ስባ በሹክሹክታ ያዘችው። "ሬሳ ያወጣ መንጠቆ ያጠመደውን ነገ ሶዶ ላይ ማን ይገዛኛል? አስበህበታል?"

"አስቤበታለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አባት ናቸው" አለ፤ ትልልቆቹን መንጠቆዎች አውርዶ ወጣ።

ነፋሱ ልከኛ ነበር። ባዳቾ ዘንጎቹን ሰካ፤ ጆንያውን ለቀቀ። መንጠቆዎቹ ላይ ምንም ሥጋ አላደረገም። ጋሽ ኤርካሎ ከፊት ተቀምጠው ዓይናቸውን ከዘንጎቹ ጫፍ አልነቀሉም። ጀልባው እየተንሸራተተ ሄደ።

አንዱ ዘንግ ጎንበስ አለ። ባዳቾ ክሩን ያዘ። ከባድ ነው። ይንቀጠቀጣል። ባዶ መንጠቆም ቢሆን ታች ለታች ሲጎተት የዓሣ ጎን ይወጋል። ክሩ ወደ ላይ ሲመጣ ያ ሰፊ አፍ፣ ያ ጺም ከውሃው ብቅ ሲል በሐሳቡ ታየው። እኚህ ሰውዬ ያንን አይተው ምን ሊያስቡ ነው? ልጃቸው ካለበት ቦታ የመጣ አምባዛ፣ ሆዱ የሞላ! ቢላውን አወጣና ክሩን ውሃው ውስጥ እንዳለ ቆረጠው።

"ምንድነው?" አሉ ኤርካሎ ብድግ ብለው።

"ግንድ ነው ጋሼ።"

ትንሽ ቆይቶ ሌላው ዘንግ እንዲሁ ሆነ። ቆረጠው። የሌላውንም ክር ቆረጠ። ያን ጊዜ ጋሽ ኤርካሎ እጁን ያዙት።

"ግንድ ከሆነ ለምን ሳታሳየኝ ትቆርጠዋለህ?"

ባዳቾ ዓይኑን ወደ ውሃው አደረገ።

"ቀና በልና እየኝ እስቲ።"

ቀና ማለት አቃተው። ድሮም የሰው ዓይን ማየት አይችልም፤ ያን ቀን ደግሞ ባሰበት። ሽማግሌውም ዝምታውን በራሳቸው መንገድ ተረጎሙት።

"ልጄን ነው የቆረጥከው" አሉ ቀስ ብለው። "መንጠቆህ ላይ መጥቶልህ ነበር። ሬሳ አወጣ ከምባል፣ ገበያዬም ከሚበላሽ ብለህ መልሰህ ጣልከው።"

"አይደለም ጋሼ!"

"ምንድነው ታዲያ?"

ባዳቾ እውነቱን ቢናገር ሊደብቃቸው የለፋበትን ነገር በገዛ አፉ ሊነግራቸው ነው። መቅዘፊያውን አነሳና ወደ ዳር መለሳቸው።

ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ኤርካሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩት። ሴቶቹ እንደ አዲስ ጮኹ። ተሻገር የሚባለው የመረብ አጥማጆች ሹም "አይ ዝምተኛ! ዝም የሚለው ለካ እያሰላ ነው" አለ። ባዳቾ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አልፎ ሲሄድ መንገድ ለቀቁለት። ያ ግን አክብሮት አልነበረም።

ለፈጠነች ወሬው ቀድሞ ደርሷታል። በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ንገራቸዋ! ዓሣ ነው በላቸው! አንድ ቃል ናት!"

"ከዚያስ? ዓሣው ታች ምን እየሠራ ነው ቢሉኝስ?"

ፈጠነች ወንበር ስባ አጠገቡ ቁጭ አለች። ገበያውን አላነሳችም።

በማግስቱ ጠዋት ባዳቾ ፊቱን ታጠበና ወደ ድንኳኑ ሄደ። ሲገባ ወሬው ቆመ። ጋሽ ኤርካሎ ፊት ቆመ።

"ጋሼ፣ እንውጣ።"

"ከአንተ ጋር?"

"ዛሬ ክሩን እርስዎ ነዎት የሚይዙት። እኔ አልነካውም። ቢላውም እርስዎ ጋ ይሁን።"

ከሴቶቹ መሃል የዘሩባቤል እናት እትዬ አስካለች ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ "ሂዱ" አለች። "ማንም ያምጣው ማን፣ ልጄን ብቻ አምጡልኝ።"

እንደገና ነፋሱ ላይ ወጡ። ባዳቾ ዘንጎቹን ሰክቶ ሲጨርስ እጆቹን ጭኑ ሥር አስገብቶ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ጠንከር እስክትል ምንም አልነበረም። ከዚያ አንዱ ዘንግ ጎንበስ አለ። ጋሽ ኤርካሎ ዘለው ክሩን ያዙ።

መጀመሪያ ፊታቸው በራ። ክብደቱ ነው ያበራው። "መጣ! ባዳቾ፣ መጣ!" አሉ። ወዲያው ክሩ እጃቸው ላይ ተናወጠ፤ ግራ ቀኝ ወሰዳቸው። ሽማግሌው መጎተቱን አቆሙ። ሰው የሚያዳምጡ በሚመስል ሁኔታ ቆሙ።

"ይሄ … ነፍስ አለው።"

"አዎ ጋሼ።"

"ትናንትናም ይሄ ነው?"

"ትናንትናም።"

ክሩ መናወጡን አልተወም። ጋሽ ኤርካሎ ወደ ቀዩ ውሃ አዩ፤ ብዙ አዩ። ባዳቾ ያ ነገር ወደ ልባቸው ሲገባ ፊታቸው ላይ አየው። ሊያስቆመው ቢችል ኖሮ ትናንት የተባለውን ሁሉ ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ በኖረ! አሁን ግን ገባ።

"ታች ናቸው ማለት ነው" አሉ። "እሱ ያለበት።"



ሽማግሌው ቢላውን ከኪሳቸው አወጡ። ክሩ ቶሎ አልቆረጥ አላቸው። ባዳቾ ሊያግዛቸው እጁን ዘረጋ፤ በራሳቸው ጨረሱት። ዘንጉ ቀጥ አለ።

"ይቅር በለኝ" አሉ። ነፋሱ እስኪተኛ ድረስ ሲንሸራተቱ ዋሉ። ዘሩባቤል አልተገኘም።

ዳርቻው ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ተሻገር ከሩቅ "ደግሞ ቆረጠ! ከዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ!" አለ።

"ዝም በል አንተ" አሉት ኤርካሎ ከጀልባው እየወረዱ። "የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ትናንት የተናገርኩትም ሐዘን አናግሮኝ ነው። ከእንግዲህ የባዳቾን ስም የሚያነሳ ከእኔ ጋር ነው ጠቡ።"

እትዬ አስካለች ውሃው ጉልበቷ እስኪደርስ ገብታ ጠበቀቻቸው። የባሏን ክንድ ያዘች።

"ምን ነበር የያዛችሁት? ለምን ቆረጥከው?"

ጋሽ ኤርካሎ ዓይናቸውን ወደ ጆንያው አደረጉ። "ክሩ ተጠላልፎብን ነው። ነገ እንወጣለን፤ ይገኛል።"

የእናት ልብ መቼ ዝም ብሎ ያምናል። ወደ ባዳቾ ዞረች።

"እውነት ነው ባዳቾ? ክሩ ነው?"

ባዳቾ ቀና አለ፤ ዓይኗን እያየ መለሰላት።

"እውነት ነው እትዬ። ክሩ ነው።"