አሟቸው ነው
ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ በአንዲት ላፕቶፕ ፊልም እናይ ነበር። በጦርነት ጊዜ አዳሪ ትምህርት ቤት ስላሉ ልጆች የሚያሳይ ፊልም ከተከፈተ ውሃ ልቅዳ ብዬ እወጣለሁ። እዚያ ልጁ ያደረገው ነገር ሲገባው ሙዚቃው ዝግ ይላል። እኔ ሲገባኝ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እንደ ማንኛውም የገጠር ተማሪ ቡሬ ክፍል ተከራይቼ፣ እሑድ እሑድ ከቤት ስንቅ እያመጣሁ እማራለሁ። የአማርኛ መምህሬም እዚያው ግቢ ተከራይ ነበሩ፤ ገና ጢማቸው በደንብ ያልወጣ ወጣት። ጦርነቱ መጥቶ ትምህርትም መንገድም ሲቋረጥ ታጣቂዎች መምህራንን ማሰር ጀመሩ። እሳቸውም እኔ ክፍል ተደበቁ።

«ማን ነው ካሉሽ ወንድሜ ነው በይ» አሉኝ አከራያችን።

መምህሬ ሳቁ። «ታላቅ ነኝ ታናሽ?»

«ታላቅ» አልኩ አፍሬ።

ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት እየፈተሹ የመጡት አከራያችን ገበያ በሄዱበት ቀን፣ ከቀትር በኋላ ነው።

«ውስጥ የተኛው ማን ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

ደህና አድርጌ ተናገርኩ። አንደኛው ሊወጣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ነበር። ሌላው ለወሬ ያህል «ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«አሟቸው ነው።»

ፈገግ አለ። አነጋገሩ የእኛው አገር ነው። «አይ የኔ እኅት፣ ወንድምሽን አንቱ ነው የምትይው?»

መምህሬ ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። ወደ እኔ አላዩም።

ከወራት በኋላ ተፈተው ወደ አገራቸው ገቡ ሲባል ሰማሁ። ሰፈሩ ግን ጠቋሚውን አግኝቶ ነበር። «ያን ቀን ገበያ የሄደችው ዐውቃ ነው» ይላል። አከራያችንን አንቱ ማለት ቀረ፤ እሳት የሚጭርም ጠፋ። አንድ ቀን አከራያችን ራሳቸው «አንቺ እዚህ ነበርሽ፣ እንዴት ዐወቁ?» ብለው ጠየቁኝ። «እንጃ» አልኩ።

አሁን የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። በቅርቡ ለአከራያችን እውነቱን ልነግራቸው ብዬ ቡሬ ሄድኩ፤ መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር። ደጋግመው ሳሙኝ። ያቺን ክፍል ከፍተው አሳዩኝ፤ ባዶ ናት።

«ተማሪ አይከራየኝም። የምታውቂው ካለ ላኪልኝ፣ ልጄ።»



«እሺ እትዬ፣ እልክልዎታለሁ» አልኩ።