ጡት ማን ይቆጥራል

የዚያን ቀን ደጀን ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችን፣ ሊያገባት የመጣው ልጅ፣ አባቱ፣ ሁለት ሸሆችና ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ነን። አንዲት ሴት ግን ጎድላ ነበር።

የተሰበሰብነው የኒካሁን ቀን ለመቁረጥ ነው። ክረምት ነበር። ከዓባይ በረሃ የሚወጣው ጉም በሩን አልፎ እስከ መደቡ ስለገባ በቀን መብራት አበራን። እኔ ጓዳ ሻይ እቀዳለሁ፣ ልጄ አጠገቤ ብርጭቆ ታጥባለች። ዕቃ ስታጥብ የምታንጎራጉራት ዜማ አለች፤ ቃል የላትም፣ ከፍ ትልና መሀል ላይ ትቆረጣለች። ከየት እንዳመጣችው ስጠይቃት ሁልጊዜ "እኔ እንጃ" ነው መልሷ።

ያችው ዜማ ከሳሎን መጣች። ልጁ ነበር፤ ጉሙን እያየ ሳይታወቀው ያንጎራጉራል። እሱም እዚያው ቦታ ላይ ቆረጣት። ልጄ ብርጭቆውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ።

እኔ ዜማዋን ከሁለቱም በፊት ሰምቻታለሁ። ልጄን በወለድኩ ሰሞን ትኩሳት ጥሎኝ ጡቴ ደረቀ። ያኔ አውቶቡስ ተበላሽቶባት ሕፃን ያዘለች እንግዳ ሴት እኛ ቤት አረፈች። ፊቷን አላስታውስም። ዓይኔን ስገልጥ የሚታየኝ ጉም ነበር፤ በጉሙ ውስጥ ያች ዜማና የሕፃን የመዋጥ ድምፅ። አውቶቡሱ ሲጠገን ሄደች።

ሻዩን ይዤ ገባሁና አባትየውን "የልጁ እናት በደጀን አልፋ ታውቅ ነበር?" አልኳቸው።

"አዎ፣ እሱን አዝላ። መኪና ተሰብሮባት አንዲት የታመመች አራስ ቤት ጥቂት ሌሊት አድራለች" አሉ። ከዚያ ፊቴን አይተው "ምነው?" አሉኝ።

"አራሷ እኔ ነኝ። ጡቴ ደርቆ ነበር፤ ልጄን ያጠባቻት እሷ ሳትሆን አትቀርም።"

እኛ የጠራናቸው ሸህ የሐነፊን መዝሀብ፣ ያን የሸሪዓ ሕግ መንገድ፣ የሚከተሉ ናቸው። "አንድ ጉንጭም ቢሆን ከዋጠች የጡት እህቱ ናት። ኒካህ የለም" አሉ።

ከልጁ ጋር የመጡት ሸህ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በእኛ በሻፊዒዎቹ አምስት ጊዜ፣ በየጊዜው እስክትጠግብ መጥባት አለባት። ቁጥሩ ካልታወቀ ሐራም ነው አንልም። ከጥርጣሬ መራቅ ግን ይሻላል።"

"እናንተ በየትኛው መዝሀብ ናችሁ?" ብለው እኚሁ ሸህ እኔኑ ጠየቁኝ። እኔ መስገድና መጾም እንጂ መዝሀብ ለይቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ያኔ ለሥራ ርቆ ስለነበር ያስታመመችኝ ጎረቤታችን ናት፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረ።

"ጠብታለች" አለች። "ቀን እኔ እያየሁ ሁለት ጊዜ አጥብታታለች። ማታ ማታ ላሞቼን ላልብ እሄድ ነበር፤ የሌሊቱን የምታውቅ ያች እንግዳ ናት። ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር ጡት ማን ይቆጥራል?" ቀጥላም "እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት ስንቆጥር ትስቁብን ነበር፤ ይኸው እናንተ ጉንጭ ስትቆጥሩ ዋላችሁ" አለች። ባለቤቴ ብቻ ሳቀ፤ ቶሎም ተወው።

ልጄ በጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። "እማዬ፣ አንድ ሌሊት እንኳ አልነቃሽም?"

"አልነቃሁም ልጄ።"

ቀን ሳይቆረጥ ተለያየን። ልጁ ደብረ ማርቆስ ነው፤ አልፎ አልፎ ይደውልላታል፣ ብዙም ሳያወሩ ይዘጉታል። ሌላ የጠየቃት ሰው ነበር፣ እንቢ አለች። ዕቃ ስታጥብ ማንጎራጎሩን ትታዋለች። እኔ ግን ጉም በገባ ቀን ዜማዋን ከጓዳ እሰማታለሁ። ሄጄ ሳይ ማንም የለም፤ ልጄም ገበያ ናት።

ሁለቱ ሸሆች የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ የሌሊቱን የምታውቀው አጥቢዋ ብቻ ናት። ሴትዮዋ ልጁ ገና ትንሽ ሳለ ከአባቱ ተፋትታ ወደ ወሎ ሄደች ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋን የሰማ የለም። በክረምት መኪና ተሰብሮባት ደጀን አንዲት የታመመች አራስ ቤት እንዳደረች ያወራች ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ያለችበትን ንገሩኝ። ሞታም ከሆነ ንገሩኝ።