ጠላት ሊያይ የመጣ እንግዳ

ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ደራሲ፣ ወዳጄን «ከእኛ ጋር ላለመብላት የማለ ጠላት» ብሎ በጋዜጣ ጻፋቸው። ደራሲውን ቤታቸው የወሰድኩት እኔ ነበርኩ።

ወዳጄ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ኤርትራዊ ናቸው። እዚህ በሰው አገር፣ ሮቢንስዴል በሚባል ከተማ አብረን ስንሠራ፣ በብሬክ ሰዓት ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ያኔ አርባ አልፎኝ ነበር። ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ ከዚያ ጽሑፍ የከፋ ነገር አላነበብኩም።

ደራሲው ከጦርነቱ በኋላ ድንበሩ ስለተዘጋ አስመራን ማየት አልቻለም። እዚህ ያሉትን ኤርትራውያን አይቶ ስለዚያ አገር ሊጽፍ ፈለገ። ከዉድበሪ እስከ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ድራይቭ እያደረግሁ አዞርኩት። የኤርትራዊ ሱቅ በተባለ ሁሉ ገብቶ ያፈጣል።

«እንደኛው ናቸው እኮ» አልኩት።

«ላይ ላዩን ነው ጋሼ» አለኝ።

እሑድ ሽማግሌው ወዳጄ ቤት ምሳ ተጠራን። ዶሮ ቀረበ። እጃቸውን ታጥበው አጠገባችን ተቀመጡ፤ ሁለታችንንም አጎረሱን፤ ራሳቸው ግን አልቀመሱም። ደራሲው ለምን ሲል ጠየቃቸው።

«ብሉ፣ እኔን ተዉኝ።»

ጥቅምት ነበር፤ ጽጌን እየጾሙ ነው። የፈቃድ ጾም ስለሆነ የሚጾመው ሰው አያወራውም። መኪና ውስጥ ይህንኑ ለደራሲው ነገርኩት፤ እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጽሑፉ ላይ ግን ጾሙም የለም፣ ጉርሻውም የለም።

ስልክ ደወልኩለት። «አንባቢ የሚፈልገው ስሜቱን ነው ጋሼ» አለኝ። ሰድቤው ዘጋሁ።

ሽማግሌው የእኛ ሰዎች የሚውሉበት ሱቅ ገብተው እንደ ልማዳቸው ሰላም ቢሉ ጽሑፉን ያነበበ አንዱ ጀርባውን ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ እዚያ አልታዩም፤ የእኔንም ስልክ ማንሳት ተዉ። ቤታቸው ሄድኩ።

«እኔ አልጻፍኩትም» አልኳቸው።

«መኪናው ያንተ ነበር» ብለው በሩን ዘጉት።

ምላሽ ጻፍኩ። ቀደድኩት። እንደገና ጻፍኩ። ጋዜጣው መጨረሻ ገጽ ጥግ ላይ አወጣልኝ። ከሽማግሌው ግን ድምፅ የለም። ከሥራ ስወጣ ያለ መንገዴ በሰፈራቸው ዞሬ አልፋለሁ፤ መኪናቸው ቆማ አያለሁ፤ እሄዳለሁ። ቤቴም ገብቼ አልቀመጥም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ብርዱ አጥንት ሲሰብር፣ ስልኬ ጮኸ።

«መኪናዬ ስታርት አላደርግ አለች። ክሊኒክ ቀጠሮ አለኝ፤ ና።»

ሄድኩ። በሩን ከፍተው መጀመሪያ የኋላውን ወንበር አዩ።

«ዛሬ ደራሲ አልጫንክም?»

«አልጫንኩም ጋሼ።»

ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩ።

«የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። ስድብ በዝቶበታል። ንዳ።»

ያ ማክሰኞ ጥር 9 ቀን 1998 ዓ.ም. ነበር።