የአቶ ሮበሌ ትርፍ ኪሎዎች

እልል በሉ፣ ተከፈተ! መንግሥት ሲለወጥ እንኳ ያልተከፈተው፣ ስድስት ዓመት ጥርቅም ብሎ የኖረው ዛሬ ወለል አለ። የአቶ ሮበሌ አፍንጫ ነው።

ሮበሌ ነፋስ ስልክ የታወቀ የቤት ደላላ ነው፤ የሚታወቀውም በግዝፈቱ። "ደላላ ከከሳ ቤቱም የሚያፈስ ይመስላል" ይላል። ስለዚህ በግንቦት ሐሩር እንኳ ካፖርቱን አያወልቅም። ከስሩ ያለውን የምታውቅ ሚስቱ አምሳለ ብቻ ናት።

አፍንጫው ውስጥ የበቀለው ሥጋ ትንፋሽ ሲያሳጣው ሆስፒታል ገባ። የማደንዘዣ ሐኪሟ ዶክተር ውዳሴ አስረዳችው።

"አፍንጫ ሲቀደድ ደሙ ይበዛል፤ ደም ከሸፈነው ቀዶ ሐኪሙ አያይም። ስለዚህ የደም ግፊትዎን ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት እሰጥዎታለሁ። መጠኑ በኪሎ ነው። ሚዛናችን ተሰብሯል፤ ስንት ኪሎ ነዎት?"

ቤት ሊገዛ ደጅ የሚጠናው ደንበኛው መሐሙድ ሊጠይቀው መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

"ዘጠና" አለ ሮበሌ። ቅር አለውና፣ "ዘጠና ሁለት።"

ብርድ አይስማማኝም ብሎ ከነሹራቡ ተኛ። መድኃኒቱ ገባ። ምላጭ ሳይነካው ግፊቱ ቁልቁል ወረደ፣ ራሱን ሳተ። ልቡን ሊያዳምጡ ሹራቡን ቢያወልቁ ሌላ ሹራብ፤ እሱን ቢያወልቁ ሌላ።

ሲነቃ ሐኪሟ ራስጌው ቆማለች። "አቶ ሮበሌ፣ ሌላኛውን ሰውዬ የት አስቀመጡት?"

"የቱን?"

"ዘጠና ሁለቱን አብሮዎት የሚሞላውን! የሁለት ሰው መድኃኒት ሰጥቼ ልገድልዎት ነበር እኮ። ወይ ይመዘኑ፣ ወይ ከነአፍንጫዎ ይሂዱ።"

በደህና የሚሠራው የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሚዛን ብቻ ነበር። ሮበሌ በካናቴራ ከሽንኩርቱ ጆንያ ኋላ ተራ ያዘ።

"መጋረጃ የላችሁም?"

"ሽንኩርቱ ጠይቆን አያውቅም" አለች ወጥ ሠሪዋ። "ሃምሳ ስምንት! ጆንያው ይበልጥሃል፣ የኔ ጌታ።"

መድኃኒቱ በሃምሳ ስምንት ተሰልቶ ቀስ በቀስ ገባ፤ ግፊቱም ከሚፈለገው ላይ ቆመ። ደሙ ጥጡን እንኳ በቅጡ አላራሰው፤ ሥጋው ተለቅሞ ወጣ።

ዛሬ ጥጡ ከአፍንጫው ሲነሣለት ሮበሌ አየር በረጅሙ ሳበ። መጀመሪያ የሸተተው የገዛ ካፖርቱ ነው።

"አምሳለ! ይሄንን ለብሼ ነው ሰው ፊት የምቆመው?"

"አዝኜልህ ነው ዝም ያልኩ።"

"ጣይው! ቆይ... አትጣይው፣ እጠቢው። ሃምሳ ስምንቷ ግን ከዚህ በር እንዳታልፍ፤ ማይ!"

አምሳለ ማለች። ልንጠይቀው መጥተን አጠገባቸው የቆምነውን ጎረቤቶች ግን ማንም አላስማለንም። የሰፈራችን ባለሱቅ ቀመሪያ ሳትዘጋ ወሬውን ይዤ ልድረስባት።