ጎሚስታው አለበልና የስልክ ውስጥ ጀግና

በቆላማው መተማ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ላይ ጎማው የተነፈሰበት ሰው ሁሉ አለበልን ያውቀዋል። እንጀራው ጎሚስታ ነው፤ ነፍሱ ግን ያለችው ሩጫ ላይ ነው። ፀሐይ ሳትከር፣ ገና ጎህ ሲቀድ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ወደ ኮኪት በሚወስደው መንገድ ያስሮጣል። ደመወዝ የለው፣ አይዞህ ያለው የለ። ሥራ ፈት የሚሉት አሉ፤ ይበሉ።

ከልጆቹ ሁሉ ተስፋ የጣለው መክሊት ላይ ነበር። መጋቢት ላይ ጎንደር ውስጥ የአንድ ክለብ ምልመላ ነበረ፤ ያለፈ ማደሪያም፣ ቀለብም፣ ትምህርትም ያገኛል። መክሊት ዘንድሮ ካመለጣት ዕድሜዋ ስለሚያልፍ ሌላ ዕድል የላትም።

ልምምድ ሰልችቷት ስትለግም አለበል የሚላት አንድ ነገር ነበረችው። «አትሌት ዙፋንን እያት። እሷ የምታደርገውን አድርጊ።» ዙፋን የእሱ ዘመን ጀግና ናት። ስታሸንፍ በራዲዮ የሰማ ዕለት ሥራውን ዘግቶ ጨፍሯል፤ ፎቶዋን ከጋዜጣ ቆርጦ ከኮምፕሬሰሩ በላይ ለጥፎታል። ያኔ ስለ ዙፋን የሚታወቀው መሮጧ ብቻ ነበር። ቁርሷን ማን ጠየቀ? ከማን ጋር እንደተኳረፈች ማን ግድ ሰጠው?

አሁን ስልክ ያልገባበት ጓዳ የለም። ዙፋን ጠዋት ቲክቶክ ላይ ሻምፑ ታስተዋውቃለች፣ ከሰዓት ከድሮ አሰልጣኟ ጋር ትሰዳደባለች፣ ማታ ደግሞ በቀጥታ ስርጭት «አንበሳ ላኩልኝ» እያለች በገንዘብ የሚገዛ የቲክቶክ ስጦታ ትለምናለች። አለበል ይህን ባየ ቁጥር ይበግናል። ይባስ ብሎ የእሱ ልጆችም ሮጠው ሲጨርሱ የሚጠይቁት በስንት ደቂቃ እንደገቡ ሳይሆን ማን እንደቀረጻቸው ሆነ። ፎቶውን ግን ከግድግዳው ለማንሳት እጁ እምቢ አለው።

ምልመላው ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ዙፋን አንድ ቪዲዮ ለቀቀች። ጉም በሸፈነው የደጋ ጫካ ውስጥ፣ ከጃኬቷ ሥር ላስቲክ ለብሳ ትሮጣለች። «ላብ ያላፈሰሰ አያሸንፍም፣ ቤተሰብ!» ትላለች። ለዚያ ብርድ ይሁንላት። የመተማ መጋቢት ግን ላስቲክ ሳይጨመርበትም ሰው ይቀቅላል።

መክሊት ይህን አላሰበችም። የማዳበሪያ ከረጢት የውስጥ ላስቲኩን አውጥታ፣ ለአንገቷና ለክንዶቿ ቀድዳ ከቱታዋ ሥር ለበሰችው። ለአለበል ሳትነግር በጠራራ ፀሐይ ወጣች።

መንገድ ዳር ወድቃ ያገኛት ባለባጃጁ ሳጂድ ነው። የጀሪካን ውሃውን ደፍቶባት ሆስፒታል ካደረሳት በኋላ ለአለበል ደወለ።

«ጋሼ፣ ይድረሱ! ወላሂ ገላዋ እሳት ሆኗል!»

ነፍሷ ተረፈች። ሐኪሙ ግን ኩላሊቷ ስለተጎዳ ቢያንስ አንድ ወር መሮጥ ቀርቶ መፍጠንም እንደሌለባት ተናገረ። አለበል አልጋዋ ሥር ቆሞ ንዴቱን መዋጥ አቃተው።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? ማነው ይህን አድርጊ ያለሽ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ!» አለች መክሊት እንባዋ እየቀደማት። «እሷ የምታደርገውን አድርጊ አላሉኝም?»

አለበል ወደ ደጅ ወጥቶ ግሪስ ባልለቀቀው ጣቱ ከቪዲዮው ሥር ጻፈ፦ «እህቴ ዙፋን፣ ገንዳ ውሃ ላይ አንዲት ልጅ አንቺን አይታ፣ ላስቲክ ለብሳ በቀትር ሮጣ ልትሞትብን ነበር። እባክሽ ቪዲዮውን አንሺው። ካልሆነም ቆላ ላይ እንዳይሞከር ንገሪልን።»

የምልመላው ዕለት የጎንደሩ አውቶብስ መክሊትን ሳይዝ ሄደ። አለበል እንዴት አድርጎ እንደሚያጽናናት እያሰላሰለ ወደ ሆስፒታሉ ገባ። እሷ ግን ግሉኮሱ ክንዷ ላይ እንደተሰካ ቁጭ ብላ፣ ስልኳን ከፍ አድርጋ ጠበቀችው። ፊቷ በርቷል። ስክሪኑ ላይ፣ ከጻፈው ሥር፣ አንዲት ቀይ ልብና «እወዳችኋለሁ ቤተሰብ፣ ሼር አድርጉት» የሚል ጽሑፍ ነበር።

«ጋሼ! ጋሼ!» አለች መክሊት። «ዙፋን እኮ መለሰችልዎት!»